የስኳር በሽታ ባህላዊ መድኃኒት በጎጃም ደጋ

በደብረ ማርቆስና በጮቄ ተራራ ዙሪያ «ስኳር» እየተባለ ለሚጠራው በሽታ የሚወሰድ የዕፅዋት መድኃኒት። በቅጠል ጭማቂ፣ በዱቄት ወይም በመጠጥ መልክ ይዘጋጃል። ከሆስፒታል መድኃኒት ጋር አጣምረው የሚወስዱት ሕመምተኞች አሉ።

መነሻ

ዕውቀቱ በሁለት መንገድ የተላለፈ ይመስላል። አንዱ በቤተሰብ ነው። ባለመድኃኒቱ ለሚያምነው ልጁ ብቻ ያሳያል፤ የቅጠሉ ስም ከተነገረ ኃይሉ ይቀንሳል ተብሎ ስለሚታመን በሽተኛው ብዙ ጊዜ የሚጠጣውን ሳያውቅ ይጠጣል። ሁለተኛው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ዋሸራንና ጎንጅን በመሳሰሉ የቅኔ አገሮች የተማሩ ደብተራዎች ሥር በመማስና ቅጠል በመለየትም ይታወቃሉ። የመድኃኒት መጻሕፍቱ «ዕፀ ደብዳቤ» በሚል የወል ስም ይጠራሉ፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው ምሁር የተወሰኑትን እ.ኤ.አ. በ1968 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትሟል። በመጻሕፍቱ መድኃኒቱ የሚደረደረው በአብዛኛው ለራስ ምታት፣ ለቁርጥማት፣ ለሆድ ሕመም እየተባለ በምልክቱ ነው። ስለዚህ «የስኳር መድኃኒት» የሚለው ስያሜ የሽንትና የደም ምርመራ ከመጣ በኋላ በቆየው ዕውቀት ላይ የተጨመረ ነው ቢባል ያስኬዳል።

አርማጉሳ

መሬት ተጠግታ የምታድግ፣ ቅጠሏ እጅግ መራራ የሆነ ዕፅ። ለስኳርም ለደም ግፊትም ትሰጣለች። በሳይንሳዊ ስሟ ላይ ጽሑፎች አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ አጁጋ ሬሞታ፣ ሌሎቹ አጁጋ ኢንቴግሪፎሊያ ይሏታል። ዛሬ ሁለቱ የአንድ ዝርያ ስሞች ተደርገው ስለሚቆጠሩ በሁለቱም ስም የወጡትን ጥናቶች አንድ ላይ ማንበብ ይገባል። በላብራቶሪ አይጦች ላይ የደም ስኳር መቀነሷ ተመዝግቧል። አይጥ ግን ሰው አይደለም፤ በጣሳ የሚለካ ጭማቂም ከላብራቶሪ መጠን ጋር አይገናኝም።

ብሳና፣ ግራዋ፣ ስሚዛ (በሌላ አካባቢ ሰንሰል) እና ከደቡብ የመጣው ሽፈራውም በተመሳሳይ መንገድ ተፈትሸዋል።

አብሽ

ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው ምናልባት በየጓዳው የሚገኘው አብሽ ነው። ፍሬው ተፈጭቶ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሲያድር ዱቄቱ ይዘቅጥና ከላይ የጠለለው መራራ ውሃ ይደፋል። የቀረው ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይመታል፤ እየተመታ ሲሄድ ይወፍራል፣ ይለጠጣል። ያ መለጠጥ አሰሩ ውሃ መያዙን ያሳያል፤ አንጀት ውስጥም እንዲሁ ሆኖ ከምግብ የሚገኘው ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይገታል። መራራነቱን ለመስበር ማር ወይም ስኳር መጨመር የተለመደ ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን ይህ ጥቅሙን ይዞበት ይሄዳል።

የአንጀት ባክቴሪያ

ያልተፈጨው አሰር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከዚያ የሚወጡት ቡቲሬትን የመሳሰሉ አሲዶች ሰውነት ኢንሱሊንን በሚጠቀምበት ሁኔታ ላይ ተጽዕኖ ሳይኖራቸው አይቀርም።

በዚህ በኩል ብዙ የተጻፈው በቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ጌገን ቺንልየን የተባለው የዕፅዋት ቅልቅል በ187 ሕመምተኞች ጥናት በተለያየ መጠን ተሞክሮ፣ መጠኑ ከፍ ሲል የደም ስኳር ቀንሷል፤ የባክቴሪያዎቹ ለውጥም ከስኳሩ መቀነስ ቀድሞ ታይቷል። ከቅልቅሉ አንዱ የሆነው ቢጫ ሥር ቤርቤሪን ይዟል። ቤርቤሪን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው አንጀት ውስጥ ይቀራል። የንጥረ ነገሩ ስም የተወሰደው ከቤርቤሪስ ወገን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው ዝንቂላ የዚሁ ወገን ቁጥቋጦ ነው። የጤና ጣቢያው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚንም መነሻው ጋሌጋ የተባለ የአውሮፓ ዕፅ ነው፤ እሱም የአንጀት ባክቴሪያዎችን ስብጥር እንደሚለውጥ ታውቋል።

ጥንቃቄ

በጎንደር ዙሪያ ገጠር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ከሲታ፣ ድሃና ወጣት ገበሬዎችን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሰው ቅጠል ተማምኖ ኢንሱሊን ቢያቋርጥ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ የጠጣውንም መድኃኒት ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል።