የሰማይ ሬዲዮ ጣቢያዎች፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ

አገር ቤት እያለ ሌሊት ሌሊት በአጭር ሞገድ የውጭ አገር የአማርኛ ሥርጭት ያዳምጥ የነበረ ሰው ያንን ሽሽሽ የሚል ድምፅ አይረሳውም። አንዳንዱ ሆን ተብሎ የሚደረግ አፈና ነበር፤ ብዙው ደግሞ ከመብረቅ የሚመጣ ነው። ጥቂቱ ግን ከከዋክብት መካከል የሚመጣ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይህንን መጀመሪያ የለየው ካርል ጃንስኪ የተባለ የቤል ላብራቶሪ መሐንዲስ ነው። አትላንቲክን የሚሻገረውን የሬዲዮ ስልክ ምን እንደሚረብሸው አጣራ ተብሎ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በመኪና ጎማ ላይ የሚዞር አንቴና ሠራ። አንዱ ድምፅ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይመጣበታል። ከፀሐይ ቢሆን ሰዓቱን ይጠብቅ ነበር፤ በ4 ደቂቃ የሚቀድሙት ከዋክብት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1933 ምንጩ እኛ ያለንበት ጋላክሲ፣ ሚልኪ ዌይ፣ መሆኑን አስታወቀ።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ አሌክሳንድሪያ ታክሲ እነዳለሁ። የዚህ ታሪክ ሁለት ትልልቅ ምዕራፎች በዚሁ መንገዴ ግራና ቀኝ መፈጸማቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንደኛው ሴኔካ ነው፤ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁሉ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ያለ የእርሻ አካባቢ። የካርኔጊ ተቋም ተመራማሪዎች የሆኑት በርናርድ በርክና ኬኔት ፍራንክሊን በ1955 እዚያ ሜዳ ላይ በመስቀል ቅርፅ ሽቦ ዘርግተው ሰማዩን ያዳምጡ ነበር። አልፎ አልፎ የሚንጫጫ ነገር ይገባባቸዋል። መጀመሪያ የአንድ ገበሬ መኪና ማስነሻ ነው ብለው ጠረጠሩ። በኋላ ሲያመሳክሩት ጁፒተር ሆኖ ተገኘ! ከምድር ሌላ የአንድ ፕላኔት የሬዲዮ ድምፅ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ከአሌክሳንድሪያ ወንዙን ተሻግሮ ያለው የባሕር ኃይል ምርምር ላብራቶሪ ነው። በ1951 ጣሪያው ላይ 15 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ተተከለ፤ በ1956 ደግሞ ቬነስን አዳመጡበት። ቬነስ ለኑሮ የምትመች እርጥብ ዓለም ትሆናለች የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ዲሹ ግን ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላነሰ ሙቀት ለካ።

ወደ ኳሳር እንምጣ። በ1950ዎቹ የካምብሪጅ ሊቃውንት የሬዲዮ ምንጮችን በቁጥር መዝግበው ነበር። ከእነዚህ 273ኛው፣ 3ሲ 273 የሚባለው፣ የትኛው ኮከብ እንደሆነ አይታወቅም ነበር። በ1962 ጨረቃ ስትጋርደው አውስትራሊያ በሚገኘው በፓርክስ ቴሌስኮፕ ሰዓቱን በጥንቃቄ መዘገቡና ቦታው ተለየ። በ1963 ማርተን ሽሚት ካሊፎርኒያ ሆኖ ብርሃኑን ሲተነትን፣ የሃይድሮጅን መስመሮች ወደ ቀይ 16 በመቶ ገደማ ተገፍተው አገኘ። ኮከብ የመሰለው ነገር ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የራቀ ነው ማለት ነው። ከዚያ ርቀት ሆኖ በመለስተኛ ቴሌስኮፕ ከታየ ምን ያህል ቢያበራ ነው? ኳሳር የሚለው ስም ራሱ «ኮከብ መሰል» ከሚለው ያጠረ ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ በጋላክሲ እምብርት ያለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ እየዋጠ፣ ጋዙ ከመግባቱ በፊት እጅግ ይግላል። አንዳንዱ ኳሳር ኤሌክትሮኖችን ወደ ውጭ ይረጫል፤ እነሱ በማግኔት ኃይል ሲጠማዘዙ የሬዲዮ ሞገድ ይወጣቸዋል። በሬዲዮ የሚጮኹት ግን ጥቂቶቹ ናቸው፣ ከአሥር አንድ ያህል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እንጀራችን የሚመጣው። ጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ላይ ሆነው ምድር ከሥራቸው ትሽከረከራለች፤ እሷ ደግሞ አመለኛ ናት። ነፋሱ፣ ባሕሩ፣ በሆዷ ያለው የቀለጠ ብረት ያፈጥኗታል፣ ያዘገዩአታል። የአንድ ሺህኛ ሰከንድ ስህተት በምድር ወገብ ላይ ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል፤ ካልታረመም ይጠራቀማል። የሚታረመው በኳሳር ነው። ከርቀታቸው የተነሳ የሚንቀሳቀሱ አይመስሉምና እንደ ችካል ያገለግላሉ። በተለያዩ አህጉራት ያሉ አንቴናዎች አንዱን ኳሳር ባንድ ጊዜ ያዳምጣሉ፤ ሞገዱ ከአንዱ ዘንድ ቀድሞ ከሌላው ዘንድ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ከልዩነቱ የምድር አዟዟር ይሰላል። ከ2019 ጀምሮ የሚሠራበት የሰማይ መለኪያ 303 የተመረጡ ምንጮችን እንደ ችካል ይዟል። ሥራውን ከሚመሩት አንዱ ግሪንቤልት ያለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል፣ ሌላው ዲሲ ማሳቹሴትስ ጎዳና ላይ፣ የምክትል ፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ባለበት ግቢ፣ ያለው የባሕር ኃይል ኦብዘርቫቶሪ ነው። ተሳፋሪ ይዤ በዚያ በር ሳልፍ ስልኬን ቀና ብዬ አያለሁ።

በአፍሪካ ይህንን ሥራ ለዓመታት የተሸከመው የደቡብ አፍሪካው ሃርተቤስትሁክ ጣቢያ ነው። እንጦጦ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ለብርሃን እንጂ ለሬዲዮ አይደሉም። ጋና ግን ኩንቱንሴ የነበረውን 32 ሜትር የቴሌኮሙኒኬሽን ዲሽ አድሳ በ2017 የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አደረገችው። የሱሉልታን የቴሌ ጣቢያ የሚያስታውስ ወገን ይህንን ሲሰማ ምን እንደሚመጣበት መንገር አያስፈልገኝም።