የኮሶ ሻጭ ልጅ

ዛሬ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ብዙ ስለቆየሁ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቻሉኝ።

ባለፈው እሁድ እዚሁ ቨርጂኒያ አንድ ወዳጄ ቤት፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ የኮሶ ዱቄት አየሁ። ሰውዬው ጥሬ ሥጋ አይጠግብም፤ ትል ታየበት። «ለሐኪም ከምከፍል በጥብጬ እጠጣዋለሁ» አለኝ። ስንት ብለው «አንድ ብርጭቆ!» እኔ የጠየቅኩት የዱቄቱን መጠን ነበር።

የኮሶን ምሬት ለእናንተ አልነግርም። ታሪኩ ግን ይገርመኛል። አፄ ቴዎድሮስን መኳንንቱ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ እናታቸው ሲቸገሩ ኮሶ ሸጠዋል ተብሎ። ገና ካሳ ሳሉ፣ ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ስድብ እየፎከረ ሊይዛቸው ዘምቶ ራሱ ተማረከ። እሳቸውም እናቴ ሳትሸጠው የቀረ ነው ብለው ኮሶ ግተውታል ይባላል። ሥጋ የሚበላ ሁሉ፣ መኳንንቱም ጭምር፣ ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ የምትሸጠው ግን ትናቅ ነበር። ታክሲ ስለምነዳ ይሆን፣ ይሄ ነገር ቶሎ ይገባኛል።

ፈረንጆቹ ግን አልናቁትም። ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ መጨረሻ (በነሱ አቆጣጠር) አገራችን ገብቶ ዛፉን አይቶ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጻፈለት። ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ደግሞ መድኃኒቱን ኢስታንቡል ላይ አግኝቶ ፓሪስ አደረሰው፤ ዕፁም በሱ ስም ተጠራ። ዛሬ የሚጠራበት ሐገኒያ የሚለው ስምም ሐገን ከሚባል ጀርመናዊ የመጣ ነው። ለዘመናት ደርቆ የሚወቀጠው የሴቴዋ ዛፍ አበባ መሆኑን ለይተው የሚያውቁት እናቶች ግን ስማቸው የትም የለም።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ዓይን ያጠፋል፤ ቀልድ አይደለም። እኔ የድሮ መሐንዲስ ነኝና ግራሙን ፈልጌ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ኮሶ ለአንድ ሰው ስንት ነው?»

«ለማን?»

«ለሰው ነዋ!»

«ወፍራም ነው ቀጭን? ጉልበት አለው? አበባው የዘንድሮ ነው የአምና? ሴት ከሆነች አርግዛ እንዳይሆን!»

አምስት ደቂቃ ጠየቀችኝ፤ ግራም የሚባል ነገር አላነሳችም። በመጨረሻ «ሳላየው አልሰፍርም፤ እዚያ ሐኪም የለም እንዴ?» አለች።

ወዳጄን ሰኞ ጠዋት ራሴ ክሊኒክ አደረስኩት፤ ሒሳብ አልተቀበልኩትም። እናቴ ግን በየቀኑ እየደወለች «ለቀቀህ ወይ?» ትለኛለች። እኔ አይደለሁም ብላት አላምን አለች።