ሕንጻውና ዝክሩ፦ ከአንበሳሜ እስከ ቆራጣ

በልጅነቴ አንበሳሜ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲከደን የነበረው ሁኔታ ዛሬም ይታየኛል። ወንዶቹ ሰንበሌጥ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሴቶቹ ጠላና ዳቦ ያቀርባሉ፤ እኛ ልጆች ከጣራው የወረደውን አሮጌ ሣር እየጎተትን እናርቃለን። ያን ዕለት «የቅርስ በዓል» ብሎ የጠራው አልነበረም። ይሁንና ቤቱ ከነታሪኩ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚያ ሥራና በዚያ ድግስ ነበር።

ስለ ቅርስ በሚደረጉ ስብሰባዎች ስገኝ ንግግሩ ሁሉ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ እታዘባለሁ። ድንጋይ ክብር አይገባውም ማለቴ አይደለም። ከፎገራ ሜዳ ወዲያ፣ እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563-1597 እ.ኤ.አ.) የጉዛራ ግንብ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የነበረውን የግንብ ሥራ የሚመሰክር ነው። ነገር ግን እኔ በወጣሁበት ዕለት ከእረኞች በቀር ሰው አላገኘሁበትም። በጎንደር የፋሲል መዋኛ በአንጻሩ የቀሃ ውሃ እየተጠለፈ በየዓመቱ ለጥምቀት ይሞላል። ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን የመዘገበው በ1979፣ የጥምቀትን በዓል የመዘገበው ግን በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ 40 ዓመት አለ። በዓሉ ባይኖር መዋኛው ምን ይሆን ነበር? ጉዛራን አይቶ መገመት ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚጎላው በእኛው በደራ፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳር ባለችው ቆራጣ ነው። ቆራጣ የወለተ ጴጥሮስ (1592-1642 እ.ኤ.አ.) አገር ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲቀበሉ እሷ ቤቷን ጥላ መነነች፤ ተቃወመች፤ ተሰደደች። ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 እ.ኤ.አ. በግእዝ ጻፈው። ቅድስቲቱ ካረፈች ገና 30 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ጸሐፊው የቅርብ ሰዎቿን ትዝታ ለመሰብሰብ ችሏል። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ከምናነባቸው ገድላት ይህን ያህል ከባለታሪኩ ዘመን የቀረበ ብዙ አይገኝም።

በገድሉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አንድ ታሪክ አለ። ወለተ ጴጥሮስ ሸሽታ በተጠጋችበት ጊዜ ባሏ እሷን ለማስመለስ ሲል ከተማ አጠፋ። ሸሺን ያስጠጋ አገር ዕዳው ይህ ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1650 እ.ኤ.አ. ገደማ በጣና ዳር ለመታሰቢያዋ ርስት ከሰጡ በኋላ ግን በስሟ የቆመው ደብር ከንጉሥ ቁጣ የሚሸሽ ሁሉ የሚማጠንበት ሆነ፤ እስከ 19ኛው ምዕት ዓመትም ዘለቀ። ቆራጣ ውስጥ የታነጸው ትልቁ ነገር፣ እንደኔ አስተያየት፣ ይህ መማጠኛነት ነው። በሜትር አይለካም፤ በፎቶግራፍም አይታይም።

የመታሰቢያዋ ዕለት ኅዳር 17 ነው። ከአንበሳሜ ተነሥተን ሐሙሲትን አልፈን በእግር የወረድንበትን አንድ ዓመት አስታውሳለሁ። ገድሉ ተነበበ፤ ግእዙን የተረዳው ከካህናቱ ሌላ ጥቂት ሰው ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ታሪኩን በአማርኛ ለልጅ ልጃቸው መተረክ ጀመሩ። የባልየው ስም ጠፍቷቸው «ያ ሹም» እያሉ አለፉት። ቆራጣ ገብቶ የተማጠነ ሰው እንደማይነካ ግን ከአያታቸው በሰሙት መንገድ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ነገሩት። የዚያን ቀን መጻፊያ ወረቀት አልያዝሁም ነበር።