የመርሳት በሽታ እና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፦ አረጋውያንን የሚያሰጋው ምንድን ነው?

የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋዊ ሲረበሹ ወይም ሌሊት ከቤት ወጥተው ሲባዝኑ፣ በጁባዋ ሙኑኪ የሚኖር ቤተሰብ የሚሄድበት የሕክምና ስፍራ ውስን ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እአአ በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ በመላው ደቡብ ሱዳን የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሁለት ብቻ እንደሆኑ፣ የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልም 12 አልጋዎች ብቻ እንዳሉት ገልጾ ነበር።

እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉ መድኃኒቶች በዋናነት እንደ ስኪዞፍሬንያ ላሉ ሕመሞች የሚታዘዙ ሲሆኑ፣ የመርሳት በሽታን አያድኑም። በአረጋውያን ላይ ድንዛዜ፣ የሰውነት መገተርና መውደቅ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2005 ለአዲሶቹ፣ በ2008 ደግሞ ለነባሮቹ መድኃኒቶች የሞት አደጋ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መሥሪያ ቤቱ በጠቀሳቸው፣ 10 ሳምንት ገደማ በፈጁ ሙከራዎች፣ መድኃኒቱን ከወሰዱ ታማሚዎች 4.5 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ አስመሳይ ክኒን ከወሰዱት የሞቱት 2.6 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ስለዚህ ባለሙያዎች የመረበሹን መንስኤ አስቀድሞ መፈለግን ይመክራሉ፦ የተደበቀ ሕመም፣ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም ጥም ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ግድ ሲሆን በአነስተኛ መጠንና ለአጭር ጊዜ ይሰጣል። የጀመሩትን መድኃኒት ግን ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት ማቋረጥ አይገባም።