ሥራው ሳይቀንስ የመጣ ዕረፍት

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስንገናኝ «እንዴት ናችሁ?» ብንባባል መልሳችን ብዙ ጊዜ «ሩጫ ነው፣ ጌታ ይመስገን» ነው። ምስጋናው ከልብ ነው፤ ሩጫውም እውነት ነው። ልጆቹ ሲያድጉ፣ ዕዳው ሲከፈል፣ ይህ ወር ሲያልፍ እናርፋለን እንላለን። ለነገሩ በአማርኛችን «በጌታ አረፈ» የምንለው ለሞተ ሰው ነው፤ ዕረፍት ከዚህ ሕይወት ወዲያ ያለ ነገር ይመስለናል። ጌታ ኢየሱስ ግን በማቴዎስ 11 ወደ ራሱ የጠራው ሸክም የከበዳቸውን ሰዎች ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት የፈጀበትን አንድ አገልጋይ እናስታውስ።

ሃድሰን ቴይለር በ1832 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በባርንስሊ ተወለደ። በ1854 ሻንጋይ ደረሰ፤ በ1865 ደግሞ ወንጌልን ወደ ቻይና የውስጥ ግዛቶች ለማድረስ ቻይና ኢንላንድ ሚሽንን መሠረተ። ሚሽኑ ከሰው ገንዘብ አይለምንም፣ ለሠራተኞቹም ቋሚ ደመወዝ አይቆርጥም ነበር። ይህ እምነት ያስደንቀናል፤ ሆኖም የእነዚያ ሁሉ ሰዎች የዕለት እንጀራ ጉዳይ በመሪው ልብ ላይ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር አንርሳ። ደብዳቤው፣ ሒሳቡ፣ የሕክምናው ሥራ፣ በሠራተኞች መካከል የሚነሣው አለመግባባት፣ ሁሉም ወደ እርሱ ይመጣ ነበር።

መከራውም ተከታተለ። በኦገስት 1867 የ8 ዓመት ልጁ ግሬስ ሞተች። ልክ በዓመቱ በያንግጆ ከተማ ሕዝብ ተነሥቶባቸው ቤታቸው ተዘረፈ፣ እሳትም ተለኮሰበት፤ ነፍሰ ጡር የነበረችው ባለቤቱ ማሪያ ከፎቅ ዘልላ አመለጠች። በዚህ ላይ የብሪታንያ መንግሥት በጉዳዩ ገብቶ የጦር መርከቦች ሲልክ፣ ለንደን ላይ ወቀሳው በሚስዮናውያኑ ላይ ሆነ፤ እስከ ፓርላማ ድረስ ስማቸው በክፉ ተነሣ።

ቴይለር ግን ለእኅቱ ሲጽፍ እጅግ ያደከመው የራሱ ነፍስ ትግል እንደነበር ተናግሯል። ጠዋት ሲጸልይ ዓይኑን ከጌታ ላይ ለአፍታም ላያነሣ ይወስናል፤ ከዚያ ሥራው ይጫነዋል፣ ሰው ይመጣል፣ ሐሳቡ ይቋረጣል፣ ጌታንም ይረሳል። ይበሳጫል፣ ክፉ ቃል ከአፉ ይወጣል፤ ከዚያም ይጸጸታል። በክርስቶስ መኖር እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ የጎደለው እምነት ነው ብሎ ስላሰበም እምነትን ለማግኘት ይታገላል፣ ባለማግኘቱም ራሱን ይኮንናል። ማናችን ነን ይህን የማናውቀው?

በሴፕቴምበር 1869 በጀንጂያንግ ሳለ፣ አብሮት ከሚያገለግለው ከጆን ማካርቲ ደብዳቤ ደረሰው። ማካርቲም እንደ እርሱ ሲታገል የቆየ ሰው ነበር። የጻፈለት ሐሳብ ባጭሩ፣ እምነትን ለመጨመር መጣጣርን ትቶ የታመነውን ጌታ መመልከት የሚል ነው። ቴይለር ዮሐንስ 15ን በአዲስ ዓይን አየ። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር ለመጣበቅ አይታገልም፤ ከግንዱ የወጣ ነውና ሕይወቱን ከዚያው ያገኛል። በኦክቶበር ለእኅቱ በጻፈው ደብዳቤ ሥራው ከምንጊዜውም ይልቅ እንደበዛና እንደከበደ፣ ጫናውና ጭንቀቱ ግን ከልቡ እንደወረደ ነገራት።

ይህን ታሪክ እንደ ምስክርነት ስንናገር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። «አሜን» ለማለት ይመቻልና። የሚቀጥለውን ዓመት ግን መዝለል የለብንም። በፌብሩዋሪ 1870 የ5 ዓመቱ ሳሙኤል ሞተ። በመጋቢት ሦስቱ ታላላቅ ልጆች ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ ወላጆቹ በወደቡ ላይ ምን ተሰምቷቸው ይሆን? በጁላይ የተወለደው ኖኤል 13 ቀን ብቻ ኖረ፤ ከ3 ቀን በኋላ ማሪያ ራሷ በ33 ዓመቷ ሞተች።

ቴይለር አለቀሰ፤ ታመመም። አልጋ ላይ ውሎ የባለቤቱን ድምፅና የልጆቹን የእግር ኮቴ እንደናፈቀ ራሱ ጽፏል። በእኛ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ቢያለቅስ «እምነትህ የት ሄደ?» የሚል አይጠፋም። እርሱ ግን ናፍቆቱን አልካደም። በዮሐንስ 4 ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት ስለ ማይጠማበት ውኃ የነገራትን ያዘ፤ የልቡ ጥም በተመለሰ ቁጥር፣ ምናልባት በቀን 20 ጊዜ፣ ወደ ጌታ እየጮኸ የተስፋ ቃሉን ያሳስበው ነበር።