ስድስት ለአንድ፤ ከቦሩ ሜዳ ሲታይ

የቦሩ ሜዳ ልጅ ነኝና «ሜዳ» ሲባል ሁለት ነገር ይመጣብኛል፤ ኳስና ጉባኤ። ሁለቱም ላይ በሰፊው የተሸነፈ ወገን አለ። ታዲያ ሽንፈት ሁሉ አንድ ነው ወይ?

ከኳሱ እንጀምር። የካቲት 3 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ሰባተኛው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ካርቱም። አይቮሪ ኮስት ቡድናችንን 6 ለ 1 ረታ። ከስድስቱ አምስቱን ያገባው አንድ ሰው ነው፤ ሎራን ፖኩ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ካነሳች ገና ስምንት ዓመቷ ነበር!

ነገሩ ግን ዱብ ዕዳ አልነበረም። በጥር 1960 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ውድድር መጀመሪያ አይቮሪ ኮስትን 1 ለ 0 ብንረታም፣ ለሦስተኛ ደረጃ ስንጋጠም በዚያው ውጤት ረቱን። ግቧ የፖኩ ነበረች። የዚያ ውድድር ኮከብ አግቢም እሱ ነው፤ 6 ግብ። ካርቱም ላይ 8 ጨመረና 14 አደረሰው። ይህን ቁጥር ሳሙኤል ኤቶ እስኪያልፈው ድረስ 38 ዓመት ፈጀ። እንግዲህ የረታን ሰው የዋዛ አልነበረም። ሜዳው ለሁለቱም እኩል ስለነበር ሽንፈቱ ቢመርም ያስተምራል።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ተከራካሪዎቹ የተዋሕዶና የሦስት ልደት (የጸጋ) ሊቃውንት ናቸው። ዳኛው ግን ገና ከመነሻው ከተዋሕዶ ወገን ነበሩ። ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። እምቢ ካሉት ውስጥ ምላሳቸው የተቆረጠ ነበሩ። ቀጥሎ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ግን «አይሆንም» ብለው አመፁ።

እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ። የካርቱሙን ተሸናፊ «ለምን አልተዘጋጀህም?» ብለን ብንጠይቀው ያምርብናል። የቦሩ ሜዳውን ተሸናፊ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ግን ግፍ ነው፤ ዳኛው የአንዱን ወገን ማልያ ለብሶ ገብቷልና። ደካማ ስለነበረ ተረታ ማለት አይቻልም፤ መቼ በእኩል ተመዘነና!

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ውጤቱን ብቻ እንሸመድዳለን፤ ማን ረታ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት። ለፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ለፍርድ ግን አይበቃም። ፖኩን ሳልቆጭ አጨበጭብለታለሁ፤ ያገባው በእግሩ ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ግን ከማጨብጨቤ በፊት ዳኛው ማን እንደነበረ እጠይቃለሁ። የሼህ ጠልሃን ስም ከአሸናፊዎቹ ስም እኩል የማነሳውም ለዚህ ነው።