ሥሩ በውሃ፣ ቅጠሉ በበረሃ፦ በአዋሽ ሸለቆ የዘንባባና የዱም ቅጠል ውጫዊ ቅርጽና ውስጣዊ አወቃቀር

ውሃ ዳር የበቀለ ተክል ቅጠሉ ቀጭንና ለስላሳ ይሆናል ብሎ መገመት ቀላል ነው። የአዋሽ ሸለቆ ዘንባባዎች ግን ይህን ግምት ያፈርሳሉ። ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አዳማ ተነስቶ በመተሃራ በኩል ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የወረደ ሰው፣ በፍልውሃ ምንጮች ዙሪያ የዱም ዘንባባ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሞ ያገኛል። ሥሩ ከውሃ አይርቅም፤ ቅጠሉ ግን የበረሃ ተክል ቅጠል ነው።

ከአገራችን ዝርያዎች ዘንባባንና ዱምን በዓይን መለየት አያስቸግርም። በወንዝ ዳርና በረግረግ የሚበቅለው ዘንባባ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ፣ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል፤ ግንዶቹም ዘመም ይላሉ። ቅጠሉ እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተደረደረ ሲሆን ወደ ግንዱ የቀረቡት ቅጠሊቶች ወደ እሾህነት ተለውጠዋል። ዱም፣ ሃይፌኔ ቴባይካ፣ በዘንባባ ቤተሰብ ብርቅ በሆነ ሁኔታ ግንዱ ሁለት ሁለት እየሆነ ይከፈላል። ቅጠሉ ማራገቢያ ይመስላል፤ የእጀታው ጠርዝም ወደ ላይ የታጠፈ ጥቁር እሾህ አለው።

ይህን ያህል ቢለያዩም የቅጠላቸው እጥፋት ዝምድናቸውን ይመሰክራል። የኮኮናት ቅጠሊት ጠርዞቿን ወደ ታች ስትጥል፣ የዘንባባም የዱምም እጥፋት ወደ ላይ የተከፈተ ነው። ሁለቱም ኮሪፎይዴ ከሚባለው ንዑስ ቤተሰብ ናቸው። የእጥፋቱ አመጣጥ ራሱ የሚደነቅ ነው፦ የዘንባባ ቅጠል ሲጀምር አንድ ያልተከፈለ ገላ ነው፤ ገና በእምቡጥነቱ ይታጠፋል፣ ከዚያ በእጥፋቱ መስመር ይሰነጠቃል። በአብዛኞቹ ሌሎች ተክሎች ግን ቅጠሊቶች ከመነሻው ለየብቻ ይበቅላሉ።

ቅጠሉ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከላይ ወፍራም ሽፋንና ሰም አለ። ከሥሩ የቃጫ ጥቅሎች ተደርድረዋል፤ በቃጫዎቹ አጠገብ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንዲት የሲሊካ እንክብል የያዙ ጥቃቅን ሴሎች ተሰልፈዋል። የዘንባባው ቅርብ ዘመድ በሆነው በቴምር ስቶማታ (የቅጠሉ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች) በሁለቱም የቅጠል ገጽ ይገኛሉ፤ ይህም ከሁለቱም ወገን ብርሃን ለሚያገኝ ጠንካራ ቅጠል ተስማሚ ነው። ሳሻ ባሮው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት የፊኒክስ ወገን ጥናት የፊኒክስ ሬክሊናታ መለያ ካደረጉት ውስጥ በቅጠሊቶቹ ታችኛው ገጽ መሃል ላይ የሚታዩት ነጭ ቅርፊቶች ይገኙበታል።

ታዲያ ውሃ አጠገብ ላለ ዛፍ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? መልሱ በግንዱ ውስጥ ይመስለኛል። ዘንባባ እንደ ዋርካ በየዓመቱ አዲስ የውሃ ማስተላለፊያ እየጨመረ አይወፍርም። የግንዱ ቧንቧዎች አንዴ ከተሠሩ ዕድሜ ልክ ማገልገል አለባቸው። ወንዙ ከሞላ በኋላ ደረቁ ወራት ሲመጣና ቆላው ሲግል፣ ውሃውን በቁጠባ የማይለቅ ቅጠል እነዚህን ቧንቧዎች ለአደጋ ያጋልጣል።

ይኸው አወቃቀር ሰውንም ይመለከታል። ሰሌን የሚሠራው፣ ለሆሳዕና ቀለበትና መስቀል የሚታጠፈው በዚሁ ቃጫ ብርታት ነው። በተለይ ዱም ላይ ሰሌን ሠሪዎች የሚመርጡት ገና ያልተዘረጋውን ቅጠል ነው፤ ቃጫው ሙሉ በሙሉ ስላልጠነከረ ይለመጣል። ነገር ግን ያ ቅጠል የሚወጣው ከግንዱ ወይም ከቅርንጫፉ ብቸኛ የዕድገት ጫፍ ነው። ጫፉ ከተጎዳ ያ ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ሌላ አይተካም፤ ዘንባባ ከሥሩ አዲስ ግንድ ሊያወጣ ቢችልም የተጎዳው ግንድ ይሞታል።

የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ከተሠራ ወዲህ የአዋሽ ሙላት በሰው እጅ የሚመጠን ሆኗል። በአዳማና በአዲስ አበባ ያሉ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከግድቡ በላይና በታች ከሚበቅሉ ዘንባባዎች ቅጠል ሰብስበው ስቶማታቸውን፣ የሽፋናቸውን ውፍረትና የቃጫቸውን መጠን ቢያነጻጽሩ፣ ናሙናውንም የተለቀመበትን ቦታ ጽፈው በብሔራዊ ሄርባሪየም ቢያስቀምጡ ትልቅ አገልግሎት ነው። ቆራጮች ደግሞ ከእያንዳንዱ ግንድ ያልተዘረጋውን ቅጠል ደጋግመው አይውሰዱ፤ ጫፉንም አይንኩ።